በረኛው እና ድርቡ ክፍለ ጊዜ

ርዕሰ መምህሩ የትምህርት ፕሮግራሙን ሲቀይሩ ማንንም አላማከሩም፤ በተለይ እኔን። ድሮ በቀን ስምንት ትምህርት ነበረን፤ ሁሉም አጫጭር፣ አስተማሪው ጉሮሮውን ጠራርጎ ሳይጨርስ የሚደወልበት። አሁን በቀን አራት ብቻ ሆነና እያንዳንዱ ድርብ ሆኖ አረፈው። «ተማሪው ትምህርቱን በጥልቀት ይይዛል» አሉን ሰልፍ ላይ። እኔን ግን ትምህርቱ ነው የያዘኝ፤ ያውም አንገቴን።

የእኔ ሥራ ሰዓት መግደል ነበር። የሒሳብ አስተማሪያችን በወጣትነቱ ግብ ጠባቂ ስለነበር በሌለበት «በረኛው» እንለዋለን። ሰሌዳ ላይ የሚያስወጣውን ሰው ፍለጋ ዓይኑን ማንከራተት ሲጀምር እጄን አወጣለሁ። «ቲቸር፣ ያኔ በፍጻሜው ጨዋታ ፍጹም ቅጣት ምቱ…» በቃ፣ ጠመኔውን ያስቀምጣል። ዝናቡ፣ ጭቃው፣ የዳኛው ሌብነት። ልክ አጥቂው ኳሷን ሲያስቀምጥ ይደወላል። ክፍሉ በሙሉ ይመርቀኛል።

በረኛው ግን ነቅቶብኝ ኖሮ እናቴን አስጠራት። «ልጅዎ ምላስ እንጂ ሒሳብ የላትም። ሰሌዳ ላይ ወጥታ አንድ ጥያቄ ካልሠራች ክፍል ትደግማለች» አላት። መድገም ማለት ከታናሽ እህቴ ጋር አንድ ክፍል መቀመጥ ማለት ነው። ጉደኛዋ ወሬውን እንደሰማች «ከፊት ወንበር ልያዝልሽ ወይስ ከኋላ?» አለችኝ። ትራስ ወረወርኩባት። እናቴ አላዳላችም፤ ሁለታችንንም ቆነጠጠችን።

የመጀመሪያው ድርብ ሒሳብ ደረሰ። በረኛው ዓይኑን ማንከራተት ሲጀምር እኔም የተለመደውን ጥያቄ ጠየቅኩ። ዘነበ፣ ጨቀየ፣ ዳኛው ሰረቀ። አጥቂው ኳሷን አስቀመጠ። ሁላችንም ደወሉን ጠበቅን፤ ደወሉ ግን ጭጭ።

«ከዚያስ?» አለ ከኋላ አንድ ፈዛዛ።

«ገባች» አለ በረኛው። «በእግሬ መሃል።»

እሱ ሰዓቱን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ፤ ፈገግታው ደስ አይልም። «ገና ግማሹም አላለቀም። ነይ ውጪ፣ ጋዜጠኛዋ።»

ጥያቄውን ጻፈልኝ። የመሰለኝን ሞነጫጨርኩ።

«አጥፊው።»

አጠፋሁና ሌላ የመሰለኝን ሞነጫጨርኩ።

«አጥፊው።»

«ያለ ደወል እኮ ምንም ናት» አለች አንዷ፣ ስንት ጊዜ ከሰሌዳ ያዳንኳት ከሃዲ። ሳቁብኝ።

«ቲቸር፣ ዜሮዬን ይስጡኝና ልቀመጥ።»

«ድሮ ቢሆን እሰጥሽ ነበር። አሁን ምን ያጣድፈኛል? ይሄ ቁጥር ከእኩል ይሆናል ምልክት ወዲያ ሲሻገር ምን ይሆናል?»

«ይደክመዋል።»

እሱ አልሳቀም። ክንዱን አጣጥፎ ግድግዳውን ተደገፈ፤ ቢመሽም ግድ ያለው አይመስልም። ክንዴ ዛለ፣ የጠመኔው ብናኝ አፍንጫዬ ገባ፣ እህቴ ወንበር ስትጠርግልኝ ታየኝ። ሰሌዳው ላይ አፈጠጥኩ። ሌላ ማፍጠጫም አልነበረኝም። ለካ ያ የተረገመ ቁጥር ሲሻገር ከመደመር ወደ መቀነስ መለወጥ ነበረበት፤ እኔ እንዳለ ነበር የማሻግረው። ቀየርኩት። የቀረው ራሱ ተግተልትሎ ወረደ።

በረኛው መልሱን አይቶ፣ እንደገና አይቶ፣ ጥርሱን ነከሰ። «አልፈሻል። አሁን አፍሽን ዘግተሽ ተቀመጪ» አለኝ፣ የሰደበኝ ያህል። ድሮ ቢሆን ዜሮዬን ይዤ ከደወሉ ጋር እሮጥ እንደነበር አውቃለሁ። ይህን ለርዕሰ መምህሩ የሚነግርብኝ ሰው ግን ወዮለት።

ወደ ወንበሬ ሳልደርስ «ቀጣይ! አጠገቧ ያለሽው» አለ።

አጠገቤ ያለችው የልብ ጓደኛዬ ናት። ስትነሳ ጭኔን መዘለገችኝ።

«አንቺ እርጉም፣ ትንሽ ደግመሽ ብትሳሳቺ ምን ነበረበት?»