የሉሱንጉ ቅጠል

ማሶዚ የተሸከመችውን እንጨት ከበሩ ጥግ ስታወርድ፣ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ።

«ደግሞ ምን ልታቃጥል ነው?» አለች አንዷ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ያም ሆኖ ውጭ ድረስ ተሰማ።

ከወንዶቹ ጋር ደጅ የተቀመጠው ሱዝጎ ሰማ። ሚስቱ ሉሱንጉ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ዝናቡ የማላዊዋን ምዚምባ ማርጠብ ጀምሯል፤ መንደሩ ግን ለቅሶው እስኪያበቃ ዶማ አያነሳም። ማሶዚም ሰምታለች። ወደ ድስቶቹ ሄደች።

ሟቿና ማሶዚ ጎረቤት ብቻ አልነበሩም። ከስድስት ዓመት በፊት ማሳቸው ማዳበሪያ ካልጎረሰ በቆሎ አላበቅልም ሲል፣ ከገበሬዎች ስልጠና ዘር ይዘው የመጡት አብረው ነው። ያን ቀን ሉሱንጉ ዘሮቹን በየዓይነታቸው ምንጣፍ ላይ ለየቻቸው።

«ይሄኛው ባቄላ አፈሩን ከሁሉም በላይ ያፋፋል አሉን» አለች። «ግን ደጋግሞ ተቀቅሎ ውሃው ካልተደፋ ሰው ያሳምማል።»

«ለአፈሩ ከበጀ እሱን ዝሩዋ» አላት ሱዝጎ።

«የታፊካ አባት፣ የምትቀቅለው አንተ ከሆንክ እንዝራው» አለችው፣ በልጃቸው ስም ጠርታ።

ማሶዚ ሳቀች። አኩሪ አተሩንም ተዉት፤ ለገበያ እንጂ ለድስታቸው አልተመቻቸውም። የመረጡት ኦቾሎኒና የርግብ አተር ነው። ኦቾሎኒው ቶሎ ደርሶ እነታፊካን ያበላል፤ የርግብ አተሩ ቀስ ብሎ አድጎ ቅጠሉን ያራግፋል። አንድ ቀን በአንዷ ማሳ፣ አንድ ቀን በሌላዋ፣ ቅጠሉን አብረው ከአፈር ጋር ቀበሩ። በሦስተኛው ዓመት የሉሱንጉ በቆሎ ከሰው ቁመት አልፎ ወጣ።

በተከታዩ በጋ፣ ሉሱንጉ እናቷን ልትጠይቅ በሄደችበት ከሰዓት፣ የሱዝጎ ጓደኞች ለምግብ የሚሆን የሜዳ አይጥ ሊያድኑ ወጡ። አይጡ ከጉድጓዱ የሚወጣው ማሳው ሲቃጠል ነው።

«የሚስትህ ቅጠል ስር ስንት የሰባ አይጥ ተኝቷል» አለው አንዱ። «ወይስ ማሳው የእሷ ነው፣ አንተ እንግዳ ነህ?»

ሳቁበት። ሱዝጎ ክብሪቱን ራሱ ጫረ። ለመቅበር የተከመረው ቅጠል በሙሉ ነደደ። ሉሱንጉ ተመልሳ አመዱ ላይ ቆማ ማን እንዳደረገው ስትጠይቀው፣ «እሳቱ የመጣው በማሶዚ በኩል ነው» አላት።

ማሶዚ ማለች፤ ሉሱንጉ አላመነቻትም። የዚያ ዓመት በቆሎ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ወዲህ በአንድ መንገድ እየሄዱ ሰላም አይባባሉም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ወባ ይዟት ሲጠናባት ሉሱንጉ የሱዝጎን እጅ ይዛ፣ «ማሶዚን ጥራልኝ» አለችው።

«ነገ» አላት። ከተነጋገሩ ምን እንደሚወጣ ያውቃል። በነጋታው ሉሱንጉ መናገር አቁማ ነበር።

አሁን ሴቶቹ እንደገና ሲንሾካሾኩ ሱዝጎ ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ማሳውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ማሶዚ የለችበትም።»

ማሶዚ ማማሰያውን እንደያዘች ቀና አለች።

«እሷ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም። ታማ ሳለች ግን ጥራልኝ ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልጠራሁሽ።»

ማሶዚ፣ «ቤቴ እኮ ከዚህ ሃምሳ እርምጃ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ገንፎዋ ጎንበስ አለች።

ምሳ ሲደርስ የእጅ ውሃ ይዛ የወጣችው እሷ ነበረች። ከሽማግሌዎቹ ጀምራ እየተንበረከከች አስታጠበች። ሱዝጎ ጋ ስትደርስ እጁን አልዘረጋም። አልፋው መሄድ ትችል ነበር፤ ማንቆርቆሪያውን አዘንብላ ጠበቀችው። ዘረጋ። ውሃው በጣቶቹ መሃል ወርዶ አለቀ፤ እሷ ማንቆርቆሪያውን አላቀናችም፣ እሱም እጁን አልሰበሰበም።