ከመስመሩ ማዶ ያለው ምንጭ

መምህርቷ አንድ ቦታ ረግታ መቆም የማይሆንላት ሴት ናት። ብታስቀምጧት እግሯ ይወዛወዛል፤ ብታቆሟት ጠመኔውን ከእጅ ወደ እጅ ታቀያይራለች። ያን ሰሞን ደግሞ ባሰባት። የታናሽ እህቷ የዘጠኝ ወር ልጅ ሆዷ አልቆም ካለ ሁለት ወር ሞላው። ዛሬ ተሻላት ሲባል ነገ ይብስባታል፤ ጉንጯ ሟሙቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ሐኪም ቤት ወሰዷት፣ መድኃኒት ተሰጣት፣ ዳነች፤ ሳምንት ሳይሞላ ያው ተመልሶ መጣ። «መንስኤውን ካላገኘነው እንዲሁ ስንመላለስ መክረማችን ነው፤ ይቺ ልጅ ደግሞ ብዙ የምትችል አይደለችም» አለ ሐኪሙ። ይህን ከሰማች ጀምሮ መምህርቷ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም።

ሐኪሙ ታዲያ አንድ ቀን፣ «የምትጠጣው ውሃ ከየት ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። እናትየው አፏን ሳትከፍት መምህርቷ ቀደመቻት። «ውሃው የተመረመረ ነው! እኔው ራሴ ነኝ ያስመረመርኩት» አለች፣ አፏን ሞልታ። እውነቷን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከተማሪዎቿ ጋር በእህቷ ሰፈር ያለውን ምንጭ አስመርምራ፣ ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት ተሰጥቷት፣ ወረቀቱን ክፍሏ ውስጥ ለጥፋዋለች። እህቷንም «ምን በወጣሽ ነው ውሃ ስታፈይ የምትውዪው?» ብላ ማፍላቱን ያስተወቻት እሷ ናት። ሐኪሙም መምህር ከመሰከረ ምን ቀረ ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

ትምህርት ቤቱ ያለው ጉብታ አናት ላይ ነው። በወዲህ በኩል ወንዙ፣ በወዲያ በኩል የእህቷ ሰፈርና ምንጩ። መምህርቷ ስለ አካባቢ ስታስተምር ከመጽሐፍ ማነብነብ አትወድም። ልጆቹን ገመድና ውሃ የሞላ ቱቦ አስይዛ፣ ዳገት ቁልቁለቱን እያስለካች፣ የክፍሉ ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ አሳለቻቸው። መሃሉ ላይ ቀይ መስመር አለ። «ከመስመሩ ወዲህ የወደቀች ጠብታ ወደ ወንዛችን ትወርዳለች፤ ከመስመሩ ወዲያ የወደቀች ወደዚያኛው ሰፈር። ተፋሰስ ማለት ይሄ ነው» ትላቸዋለች። ልጆቹ ያን መስመር እንደ አገር ድንበር ያከብሩታል። እሷም ብትሆን ከልጆቹ አትሻልም ነበር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የትምህርት ቤቱ እጣቢ ድሮ በመንገዱ እየተንዠቀዠቀ ወንዙ ውስጥ ይገባ ነበር። አምና አርባ ሦስቱ የክፍሏ ልጆች፣ እሷ ፊት ፊት እየመራች፣ ከመስመሩ ወዲህ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ጠጠርና አሸዋ ሞሉበት። እጣቢው እዚያ ገብቶ ሰረገ። ወንዙ ጠራ። ምን አለፋችሁ፣ ሰው ከየቦታው እየመጣ አየው፣ ፎቶ ተነሣ፣ ጨበጨበ። ከሦስት ወር በፊት ደግሞ ርዕሰ መምህሩ፣ «የመጸዳጃ ቤቱንም ፍሳሽ እዚሁ ብንለቀው ምን አለበት?» አለ። «ምንም የለበትም፣ መሬት ያጣራዋል» አለች መምህርቷ፣ ለአፍታ እንኳን ሳታስብበት።

እንግዶች ከትምህርት ቢሮ የመጡት ረቡዕ ዕለት ነው። ጉድጓዱ በእርግጥ ወንዙን ከቆሻሻ የሚጠብቅ ከሆነ አርባ ትምህርት ቤቶች ያንኑ ሊቆፍሩ ነው። መምህርቷ ከውሃ ባለሙያ የተቀበለችውን፣ ማንንም የማይጎዳ ደማቅ አረንጓዴ ቀለም በባልዲ በጥብጣ ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጠችው። ከዚያ ሁሉም ወንዙ ዳር ወርዶ ቆመ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። የቀለም ዘር የለም! ርዕሰ መምህሩ ደረቱን ነፋ፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ልጆቹ «ጥያቄ» የሚሏት አንዲት ተማሪ አለች፤ እጇ ከወጣ የማይወርድ። ጭብጨባው መሃል ያ እጅ ወጣ።

«ቲቸር፣ ታዲያ ቀለሙ የት ሄደ?»

«መሬት ጠጣው።»

«እንዴ! ውሃ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም ብለውን አልነበር?»

ርዕሰ መምህሩ ሳል አፈነው መሰለ። እንግዶቹ ሳቁ፣ «ጎበዝ ልጅ» አሉና ወደ መኪናቸው ሄዱ። መምህርቷም ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ፊቷ ግን እሺ አላላትም። ያቺ ልጅ ያለችው ነገር ልቧ ውስጥ ገብቶ ይቆረቁራት ጀመር።

ሐሙስ በየዕረፍቱ ወንዙ ዳር ወረደች፤ በጠርሙስ ትቀዳለች፣ ወደ ፀሐይ አንስታ ታያለች፣ ትደፋለች። ምንም የለም። ዓርብም እንደዚያው። እህል አልወርድላት አለ። ርዕሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ አግኝቷት፣ «አንቺ ሴትዮ ምን ሆነሻል? ደስ ሊልሽ ሲገባ! ሰኞ ከሰዓት ፈርመው ሥራ ይጀምራሉ እኮ» አላት። «ቀለሙን ካላገኘሁት ደስ አይለኝም» አለችው። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ወደ ቢሮው ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት እህቷ ቤት ሄደች። ልጅቷ ሌሊቱን ሲያስመልሳት አድራ ነበር። እናትየው ነጭ ማስታጠቢያ ውስጥ ውሃ ቀድታ ልብሷን አውልቃላት ልታጥባት ነው። መምህርቷ ካፖርቷን ሳታወልቅ ጎንበስ ብላ ማስታጠቢያውን አየችና ክው አለች።

«ይሄ ውሃ ምን ሆኖ ነው?»

«ምኑ?»

«አረንጓዴ ነው እኮ!»

«እሱማ ከትናንት ወዲህ ነው፣ እትዬ። ጎረቤቶች የምንጩ ድንጋይ አረንጓዴ ነገር አብቅሎ ነው አሉ። ባልዲ ውስጥ እኮ አያስታውቅም።»

መምህርቷ ቁልቁለቱን ተንደርድራ ወርዳ ምንጩ አፍ ላይ ተንበረከከች፣ በሁለት መዳፏ ዘገነችው። ያው ራሱ ቀለም ነው። ወደ ላይ ቀና ብላ ስታይ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ይታያል። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት። መስመሩ የሚያገለግለው በላይ ለሚሄድ ውሃ ነው! ከሥር ያለው ድንጋይ ተሰንጥቆ ወደፈለገበት ያጋደለ ነው፤ የእነሱን ካርታ ማን አሳይቶት? ወንዙን አዳንኩ ብላ ያን ሁሉ ቆሻሻ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ሳይቀር፣ በገዛ እጇ ለእህቷ ልጅ ስታጠጣት ከርማለች። ተነስታ ዳገቱን ወጣች።

«ልጅቷን በዚህ እንዳታጥቢያት» አለች በሩ ላይ ቆማ። «አታጠጪያትም። እኔ ነኝ።»

«ምኑ ነው አንቺ?»

«ያሳመማት። ጉድጓዱ ወደ ምንጩ ነው የሚፈሰው። እኔ ነኝ ያስቆፈርኩት።»

እህቷ ልጅቷን በፎጣ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ከዚያ ጮኸችባት። «አፈላ ነበርኮ! ስንት ጊዜ፣ አፍልቼ አቀዝቅዤ ስሰጣት፣ አያስፈልግም ያልሽኝ አንቺ! ሐኪሙ ሲጠይቀኝ አፌን የዘጋሽው አንቺ! እንዲያው ሁሌ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኛ ምን እናውቃለን!»

«እውነትሽን ነው።»

«እውነትሽን ነው አትበዪኝ! ውጪልኝ። ዓይንሽን ማየት አልፈልግም።»

ወጣች። እያለቀሰች ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞረች፤ ያገኘችውን ሁሉ ከምንጩ አትጠጡ፣ የግድ ከሆነ አፍሉት አለች። የሰደባት አለ፣ በሩን የዘጋባት አለ። እሑድ ርዕሰ መምህሩ ቤት ሄደች። ሰውየው ሰምቶ ሲጨርስ ላብ አጠመቀው። «እስኪ ቀስ በይ። ሰኞ ይፈርሙ፣ ከዚያ በዘዴ እናስተካክለዋለን። ስምሽም ይጠፋል፣ የእኔም ይጠፋል» አላት። «አርባ ጉድጓድ ማለት አርባ ምንጭ ነው፣ ጌታዬ። ስሜ ይጥፋ» ብላ ተነስታ ወጣች።

ሰኞ ማለዳ ትምህርት ቢሮ ደውላ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ከዚያ የፍሳሹን ቧንቧ በጨርቅና በሲሚንቶ ጠረቀመችና ልጆቹን ጉድጓዱ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ልንደፍነው ነው፣ አካፋ ያዙ አለቻቸው። ለምን እንደሆነ ግን ገና አልነገረቻቸውም። እነዚህ ልጆች እጃቸው ውሃ እስኪቋጥር ይሄን ድንጋይ የተሸከሙ ናቸው፤ ምን ብላ ትጀምር? አካፋዋን ከእጅ ወደ እጅ ታቀያይራለች።

የግቢው በር ተከፈተና እህቷ ገባች። ልጇን አዝላለች። ፀጉሯ አልተበጠረም፣ ዓይኗ ቀልቷል። ማንንም ሰላም ሳትል በቀጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ መጥታ ቆመች፤ ወደ ውስጥ አየች።

«ማነው ይሄን የቆፈረው?» አለች።

ልጆቹ ምን ያውቃሉ! ይሄን ጥያቄ ያልጠየቃቸው እንግዳ የለም፤ ሁሌም የሚያስመሰግናቸው ጥያቄ ነው። አርባ ሦስት እጅ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ወጣ። አንዳንዱ እንዲታይለት በእግሩ ጣት ቆሟል። «እኔ! እኔ! እኔ ነኝ!» ይላሉ፣ ፊታቸው እየበራ።

እህቷ አንድ በአንድ አየቻቸው። በአፏ ይዛው የመጣችው ነገር ብዙ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታዘጋጀው አድራለች። አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። መምህርቷ ከልጆቹ ኋላ ቆማ የራሷን እጅ አነሣች።

«ያስቆፈርኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «እነሱ ያስተማርኳቸውን ነው የሠሩት። ያስተማርኳቸው ግን ግማሹን ነው። ልጆች፣ ይሄ ጉድጓድ ሰው አሳመመ። ያቺን እዚያ ጀርባ ላይ ያለችውን ልጅ አሳመመ። የእህቴ ልጅ ናት።»

እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ከፊት የነበረ አንድ ትንሽ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። ማንም ዝም በል አላለውም።

እህቷ አንቀልባዋን ፈታች። ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ በሁለት እጇ ይዛ፣ ተማሪዎቹን አልፋ፣ መምህርቷ ፊት ቆመች።

«ያዣት» አለች። «ያን አካፋ ለእኔ ስጪኝ።»

መምህርቷ ልጅቷን ተቀበለች። ሁለት ወር ሙሉ ስታቅፋት የኖረች ልጅ ናት፤ ክብደቷን በደንብ ታውቀዋለች። ዛሬ ግን ቀለለቻት። ከጀርባዋ የመጀመሪያው አካፋ አፈር ጠጠሩ ላይ ሲወድቅ ሰማች፤ እሷ ግን ልጅቷን ደጋግማ ከፍ ዝቅ እያደረገች ነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ካቀፈቻት ወዲህ ምን ያህል እንደጎደለች በክንዷ ለማወቅ።