የቀረ ሠርግ ምሳ

«በሙሉ ዋጋ የገዛሁት ነገር ቢኖር አንቺን ብቻ ነው» ትለኛለች እናቴ። ስወለድ ሐኪም ቤቱን ቀንሱልኝ ብትላቸው እምቢ ብለዋት ነው። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲከነክናት ይኖራል።

እናቴ የአውቶቡስ ድርጅት ስምሪት ሠራተኛ ናት። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምራ በመስታወት ክፍሏ ተቀምጣ አርባ አውቶቡሶችን ወደየመስመራቸው ትለቃለች። ድርጅቱ ደመወዝ የሚከፍላት ለዚህ ነው። አርባዎቹ ሾፌሮች የእሷ የገበያ ሰላዮች መሆናቸውን ግን እስከ ዛሬ አልነቃም።

«ሠላሳ ሁለት ቁጥር፣ መንገዱ እንዴት ነው?» ትላለች በመገናኛ ሬዲዮው።

«ዝግ ነው እትዬ። ድልድዩ ጋ ግን ቲማቲም በግማሽ ወርዷል።»

«በስሏል ወይስ ፈርሷል?»

«ዛሬ ከተበላ በስሏል፣ ለነገ ከሆነ ፈርሷል።»

«ሁለት ሣጥን ያዝልኝ። ተሳፋሪ እንዳይቀመጥበት!»

ስልኳ ላይ ሰው የሚመዘገበው በስሙ ሳይሆን በሚያስገኘው ነገር ነው። «እንቁላል» አለ፣ «ዘይት» አለ፣ «የተሰበረ ብስኩት» የሚባል አንድ የመጋዘን ኃላፊም አለ። እኔ ፋርማሲስት ስለሆንኩ «መድኃኒት» ነኝ። አባቴ «ሽንኩርት» ነው። ለምን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም፤ እሑድ እሑድ እያለቀሰ የሚከትፈው እሱ ስለሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም።

ቆጣቢ ናት የሚሏት ሰዎች አያውቋትም። ቆጣቢ ሰው ትንሽ ይበላል። እናቴ ቅናሽ የምታሳድደው አብዝታ ለመብላትና አብዝታ ለማብላት ነው። ከሥራ ስትገባ መታወቂያዋ ካንገቷ ሳይወርድ ምድጃው አጠገብ ትቆማለች፤ ከድስቱ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ታነሳና ዓይኗን ትጨፍናለች። ያኔ ማንም አይናገርም፤ የተናገረ ወዮለት። ቤታችን የገባ ሰውም፣ ቆጣሪ አንባቢ እንኳ ቢሆን፣ ሳይበላ አይወጣም። አንድ ጊዜ ቤት ተሳስቶ ያንኳኳ ሰውዬ ሁለት ሣህን በልቶ፣ የሚፈልገውን ቤት ረስቶት ሄዷል።

ባለፈው ዓርብ «ሠርግ» ደወለች። «ሠርግ» ማለት ለሠርግ ቤቶች ምግብ የምታዘጋጅ ሴት ናት፤ ከድግስ የተረፈ ሲኖር መጀመሪያ የምትደውለው ለእናቴ ነው።

«እትዬ፣ ጉድ ፈላ!» አለቻት። «የነገው ሠርግ ቀረ። ሙሽራው ጥሎ ጠፋ። ዓሣው ቀድሞ ተቀምሞ በረዶ ቤት ገብቶ፣ ዶሮው ታጥቦ፣ ኬኩ ተጋግሮ እጄ ላይ ቀረ።»

እናቴ ለሙሽሪት አዘነች። አዘነች ስል፣ «ውይ፣ ምስኪን!» አለችና ትንፋሽ ሳትወስድ «ስንት ታደርጊልኛለሽ?» አለች። ግማሽ ሰዓት ተከራክረው ስልሳ በመቶ አስቀነሰች። የወሰደችው የሠላሳ ሰው ምግብ ነው። እኛ ቤት ሦስት ነን፤ ላይኛው ፎቅ ያለችው አክስቴ ስትጨመር አራት። ምግብ አዘጋጇ አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ አሳሰበች፤ ትሪዎቿን እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ራሷ መጥታ ትወስዳለች፣ ታጥበው ይጠብቋት።

እኔም ለዚያው እሑድ የራሴ ጉዳይ ነበረኝ። ከአራት ወር በፊት አንድ መሐንዲስ የራስ ምታት መድኃኒት ሊገዛ ፋርማሲ መጣ፤ በሳምንቱም መጣ፤ በሦስተኛው ምንም ሳያመው መጣ። አነጋገሩ ለስላሳ ነው፣ አፉ ቅቤ። ወደድኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶኛል፤ በአክስቴ ቋንቋ ቆሜ ቀርቻለሁ። እናቴ በዚህ ጉዳይ ነዝንዛኝ አታውቅም፤ ማታ ማታ ብቻዬን ስበላ ስታየኝ ግን ሣህኔ ላይ ትጨምራለች። ረቡዕ ዕለት እራት ጋብዞኝ «እሑድ ቤተሰቦችሽን ልተዋወቅ» ሲለኝ ወዲያው እሺ አልኩት። እንዲወዱልኝ ፈለግኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አጥብቄ የፈለግኩት ነገር የለም።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ከወንበሯ ተነሳች። «አየሽ፣ እግዜር ዓሣውን ያለ ምክንያት አልሰጠኝም» አለች።

እሑድ ጠዋት ወጥ ቤታችን የስምሪት ክፍል ሆነ። «ሽንኩርት፣ መስመርህን ያዝ! ሩዝ፣ ገና አልተነሳህም እንዴ? ሰላጣ፣ አንተ አምስት ደቂቃ ቆይተህ ውጣ!» ትላለች። አባቴ እንባውን በክንዱ እየጠረገ ይከትፋል። እኔ ሎሚ እጨምቃለሁ። ዓሣው በትልልቅ ትሪ ተደርድሮ ወደ ምድጃው ሲገባ እናቴ ሕፃን የተኛበት አልጋ ይመስል እያጎነበሰች ታየዋለች። አክስቴ ሥራ አልደረሳትም፤ ኬኩ ላይ የቆሙትን የስኳር ሙሽሮች ነቅላ ሙሽራውን ከእግሩ ጀምራ በላችው።

«ይሄኛው እንዳይሮጥ ነው» አለች።

ሰባት ሰዓት ላይ መሐንዲሱ መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ያበራል። ለእናቴ ያመጣው የቸኮላት ካርቶን ላይ የቅናሹ ወረቀት እንደተለጠፈ ነበር። እኔ አፈርኩ፣ እናቴ ግን ዓይኗ በራ።

«የት ነው የቀነሰው?»

«የድሮው ሲኒማ ፊት ለፊት ነው እናቴ። ሁለት ከገዙ ደግሞ ሌላ አሥር በመቶ አለው።»

«ታዲያ ሁለት አልገዛህም?»

«አንዱ መኪናዬ ውስጥ አለ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞራ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። ልጄ፣ ሰው አግኝተሻል የሚል ነበር። ለሩብ ሰዓት ስለ ስኳርና ስለ ሳሙና ዋጋ ሲያወሩ እኔ በሆዴ ተሳካ፣ ተሳካ እላለሁ።

ከዚያ ዓሣው ቀረበ። መሐንዲሱ አንድ ጎረሰ። ማኘኩን አቆመ።

«እሾህ ነው?» አልኩት ደንግጬ።

«አይ... አይ፣ ደህና ነው። እናቴ፣ ይሄን ዓሣ እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

ሌላ ሴት ብትሆን አዎ ትልና ነገሩ ያበቃል። እናቴ ግን ባለሙያ ናት ከሚሏት አስቀናሽ ናት ቢሏት ትመርጣለች።

«ስልሳ በመቶ!» አለች ሹካዋን ከፍ አድርጋ። «አንዱ ሙሽራ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ፈረጠጠ። ይሄ ሁሉ ምግብ ለኔ ወረደልኝ። የትም ይሁን የት፣ እግሩ ይባረክ!»

«ሳይደግስ አይጣላም» አለች አክስቴ አፏን እንደሞላች። «ምን ዓይነቱ ወንድ ነው ግን? ዓሣ አይወድም እንዴ?»

«ዓሣውን ሳይሆን ልጅቷን ነው እኮ የተወው» አለ አባቴ።

«ልጅቷን የተወ ዓሣውን ይበላዋል?»

ሳቅን። አባቴ የብርቱካን ጭማቂውን አነሳ፤ «እንግዲህ ለፈርጣጩ!» አለ። ሁላችንም ብርጭቆ አነሳን። መሐንዲሱም አነሳ፣ ጠጣም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል ሙቀቱ መስሎኝ ተነስቼ መስኮት ከፈትኩለት። እናቴ ሣህኑ ላይ ሁለተኛ ዓሣ ጨመረችለት፣ አክስቴ ሩዝ፣ አባቴ ዶሮ። ሰውዬው በሠርጉ ምግብ ሊቀበር ምንም አልቀረውም።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ምግብ አዘጋጇ ናት። «ቀደም አልኩ እትዬ፣ ይቅርታ» እያለች ገባች። እናቴ ወንበር ስትስብላት ሴትዮዋ ጠረጴዛውን አየች፤ ዓይኗ መሐንዲሱ ላይ ተተከለ።

«ሙሽራው!» አለች።

«ኧረ ገና ነው እህቴ» አለች እናቴ በደስታ። «ዛሬ መተዋወቂያ ብቻ ነው።»

«የእናንተን አላውቅም። የኔ ሙሽራ ነው! የዓሣው!»

አክስቴ እንኳ ማኘክ አቆመች። መሐንዲሱ ናፕኪኑን አጣጠፈ፤ በጥንቃቄ፣ አራት ማዕዘን አድርጎ። ከዚያ እኔን እያየ ተናገረ።

«ልነግራችሁ ነበር። በቤተሰብ ግፊት የተጀመረ ነገር ነው። እሷን ካወቅኩ በኋላ ልቤ እምቢ አለ። ሁሉንም የተውኩት ለልጃችሁ ብዬ ነው።»

እውነቱን ልናገር፦ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ለኔ ሲባል ሠርግ ቀረ! ኬክ፣ አዳራሽ፣ የመቶ ሰው ዶሮ፣ ለኔ ለቆሞ ቀሯ ሲባል ተተወ። የምታፍሩብኝ ከሆነ እፈሩ፤ እኔም አፍሬያለሁ፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴን አየኋት። ትንሽ ብትስቅ፣ «የወጣት ነገር» ብትል እንኳ እኔ ይቅር ለማለት ተዘጋጅቻለሁ።

እናቴ አልሳቀችም። «ለልጅቷ ማን ነገራት?» አለች።

«እ... ነገሩ ከባድ ነበር እናቴ። እኔ—»

«ማን ነገራት ነው ያልኩህ።»

«እኔ ነኝ የነገርኳት!» አለች ምግብ አዘጋጇ። «ረቡዕ ጠዋት ደውሎ ‘ሠርጉ ቀርቷል፣ ቀብዴን መልሺልኝ’ አለኝ። ያወቀች መስሎኝ ግማሹን መለስኩለት። ሐሙስ ጠዋት ሙሽሪት ደውላ ‘ሦስት ሰው ጨምሪልኝ’ አትለኝ መሰለሽ! ምን ልበላት? እኔ ዓሣ ጠባሿ ነገርኳት። አባቷ ደም ግፊት አለባቸው ብላ፣ ጨው ለማስቀነስ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ፣ አንዴም እሱን ይዛ፣ የቀመሰች ልጅ ናት።»

«ቀብዱን ቀድመህ ጠየቅህ?» አለ አባቴ። አባቴ ብዙ አይናገርም።

መሐንዲሱ «ጊዜው ካለፈ አይመለስም ስላለችኝ ነው እኮ» አለ። ይህን ሲል የተሳሳተ ነገር የተናገረ አልመሰለውም። ያንን ሳይ በውስጤ የነበረው ደስታ ውሃ ሆነ።

እናቴ ተነሳች። እጇን ዘርግታ ከፊቱ ሣህኑን አነሳች፤ ሁለት ዓሣ፣ ሩዝና ዶሮ እንዳለበት። በሕይወቴ ከሰው ፊት ሣህን ስታነሳ አይቼ አላውቅም። አባቴም አላየም መሰለኝ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ልጄ፣ ጠግበሃል» አለችው።

መሐንዲሱ ወደ እኔ ዞረ። አብሬው እስክነሳ ጠበቀ። እኔ የጨው ዕቃውን እያየሁ ተቀመጥኩ። በሩ ሲዘጋ አክስቴ «ቸኮላቱን ረስቶት ሄደ» አለች።

ከዚያ ሥራ ነበረ። ሴትዮዋ ትሪዎቿን ትፈልጋለች። እናቴ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ፣ ሴትዮዋ እየተቀበለች ትደረድራለች። የወጥ ቤቱ መስኮት በእንፋሎት ተሸፍኗል። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ሽንኩርቱ አልቆ እንጂ ሰበብ አላጣም ነበር።

«ረቡዕ ማታ ልጅቷ ስትደውልለት አምሽታለች አሉ» አለች ሴትዮዋ ለራሷ እንደምታወራ። «እራት እንኳ አልበላችም፣ ስልኩን ታቅፋ። ስለ አበባው ልትጠይቀው ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ አያነሳላትም?»

ጨርቁ እጄ ላይ ቆመ። ረቡዕ ማታ ከኔ ጋር ነበር። ጠረጴዛችን ላይ ስልኩ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያርፍ፣ እንደገና ሲንቀጠቀጥ አመሸ። «የሥራ ሰዎች ናቸው» አለኝ። እኔ ሳቅኩ። «ዛሬ የኔ ነህ፣ ይንጫጩ» ብዬ ስልኩን በግንባሩ የደፋሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ። ከዚያ ሁለተኛ ጣፋጭ አዘዝን።

«የልጅቷ ስልክ ቁጥር አለሽ?» አልኳት ሴትዮዋን።

ቀና ብላ አየችኝ። «አለኝ። ለምን ፈለግሽው?»

«ልደውልላት።»

«ደውለሽ ምን ልትያት?»

እናቴ ፊቷን ከመታጠቢያው ሳታዞር፣ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ እንዳለ መለሰችልኝ።

«ሠርግሽን በላነው ልትያት ነው?»

የሚቀጥለውን ትሪ ተቀብያት ማድረቅ ጀመርኩ።