የተዘለለው መስመር

አባቴ ገብረዝጊ መቐለ ውስጥ የሃይማኖት መጻሕፍትን ብራና ላይ የሚገለብጥ ሰው ነበር። ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሲያሻግር አንድ ፊደል አይጨምርም፣ አንድ ፊደል አይቀንስም። እያንዳንዱን መስመር በጣቱ እየተከተለ ያመሳክራል፤ እራቱ ቀዝቅዞ እናቴ ብትቆጣም አይነሳም። "የቀደሙት አደራ ነው" ይላል። እኔ ልጁ ኣስካል፣ ግልፍተኛዋ፣ ፊደል የለየሁት ከጎኑ ቁጭ ብዬ ነው።

የባድመ ጦርነት ባበቃ በዓመቱ እንደ እናት 'ኣደይ' የምንላቸው ለተመድህን ከዓይደር ሰፈር በእግራቸው መጡ። ጥቁራቸውን አላወለቁም። ከነጠላቸው ሥር ሁለት መጻሕፍት አወጡ። ትልቁ ከአያቶቻቸው የወረደ የጸሎት መጽሐፍ ነው። ትንሹን አባቴ ከዚያው ገልብጦት፣ ልጃቸው ጎደፋ ወደ ግንባር ሲሄድ አንገቱ ላይ ያሰረው ነው። ጎደፋ አልተመለሰም። መጽሐፉን ጓደኛው አመጣላቸው።

ሻይ አቀረብኩላቸው፤ አልነኩትም።

"አቦይ ገብረዝጊ፣ ጸሎቱ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ልጅሽን ጥይት አይደፍረውም ነበር አሉኝ ሰዎች። እኔ ማንበብ አልችልም። ወይ እርስዎ አጉድለዋል፣ ወይ እግዚአብሔር አልሰማኝም። ከመርዶው ወዲህ አፌ ለጸሎት አልከፈት ብሎኛል። የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝ።"

ደሜ ፈላ። አባቴን አጎደለ ብሎ የሚጠረጥር ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። "አሁኑኑ ይመሳከር!" አልኩ።

አባቴ ትልቁን ያዘ፣ እኔ ትንሹን። እሱ ያነባል፣ እኔ በጣቴ እከተላለሁ። ቃል ከቃል ይገጥማል። ልቤ በኩራት አበጠ። ቀና ስል ግን የኣደይ ለተመድህንን ፊት አየሁ። ቃሉ በገጠመ ቁጥር ይጠቁራል፤ እጃቸው ነጠላቸውን ጨምድዶ ይዟል። አባቴም አያቸው።

ወደ መጨረሻው ስንቃረብ ማንበቡን አቆመ። ትንሹን መጽሐፍ ከእጄ ወስዶ ከትልቁ ጎን ዘረጋው።

"እዚህ ጋ" አለ፣ "'ከጦር ጠብቀው' የሚለው መስመር ተዘሏል። ዓይኔ አታሎኛል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኣደይ። እግዚአብሔር ያልደረሰውን ጸሎት እንዴት ይስማ?"

መስመሩ አልተዘለለም። ይህን የምጽፈው ዛሬ አባቴም እሳቸውም በሕይወት ስለሌሉ ነው። በቀይ ቀለም ከተጻፈው ከጎደፋ የክርስትና ስም ቀጥሎ፣ በአባቴ በራሱ እጅ ቁልጭ ብሎ ሰፍሯል። ልናገር አፌን ስከፍት እግሬን ረገጠኝ።

"እጅህ ይድረቅ!" አሉት ኣደይ ለተመድህን። ከዚያ ትልቁን መጽሐፍ አነሱ፣ ግንባራቸው ላይ አስደግፈው ሳሙት። "ጌታዬ፣ አንተንማ በከንቱ ተቀየምኩህ" አሉና ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

እንደወጡ ጮኽኩበት። "ስምህን ምን ልታደርገው ነው?"

"መጽሐፉ ሙሉ ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ። እኔ ስለዋሸሁ አይጎድልም" አለኝ። "እሳቸው ግን አምላካቸውን እንዳኮረፉ እንዴት ያርጃሉ?"

ወሬው አብያተ ክርስቲያናቱን አዳረሰ። የሚያስገለብጠው ጠፋ፤ መገልበጥ የጀመረው ወንጌል እንኳ ከእጁ ተወሰደ። አንድም ቀን ሲያስተባብል አልሰማሁትም። ለጽሕፈት ተፍቆ የተዘጋጀው ብራና ግድግዳው ላይ ተደግፎ ሲቆይ ያያል፤ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። እኔ ግን አልበረደልኝም። ሓወልቲ ሰፈር አካባቢ ኣደይ ለተመድህንን ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ሁልጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነው የማያቸው።

አባቴ በተቀበረ ቀን ሰዉን ሰንጥቀው ሣጥኑ አጠገብ ደረሱ። በመዳፋቸው ዳበሱት።

"ገብረዝጊ፣ ይቅር ብዬሃለሁ" አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። "እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ።"

ቀባሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት፣ ያን ቀን አባቴ እግሬን የረገጠኝ ትዝ አለኝ።

"አሜን፣ ኣደይ" አልኩ።