ለሁለት የሚበቃ መንገድ

ከፈረንሳይዋ ከክሉኒ ከተማ ወደ ሰሜን የሚወስደው የብስክሌት መንገድ ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ሐዲዱ ተነቅሎ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ መኪና አይደርስበትም። ሁለት ብስክሌት ጎን ለጎን ያስኬዳል፣ ሦስት ግን አያስኬድም። ሬሚ ቪያላር ይህን ቀላል ነገር አስቀድሞ አለማሰቡ በኋላ ቆጨው።

ወዳጁን አርማንን "ና አብረን እንሂድ" ብሎ የጋበዘው ራሱ ነው። አርማን ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ቤቱን ዘግቶ መቀመጥ አብዝቶ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ዳቦ ሲጋግር የኖረ ሰው ነው፤ ሬሚ ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። አሁን ሁለቱም ጡረታ ወጥተዋል። "ሁለት ቀን ንጹሕ አየር ቢወስድ ምን ይጎዳናል?" አላት ሬሚ ለሚስቱ ለሶላንዥ። እሷም "ደግ አሰብክ" አለችው። ደግነቱ ግን ከመጀመሪያው ድልድይ አላለፈም።

ባልና ሚስቱ ከተጋቡ ጀምሮ በየበጋው በብስክሌት ይጓዛሉ። እስከዚያን ቀን የሄዱት መኪና በሚመላለስበት መንገድ ስለነበር ተከታትለው እንጂ ጎን ለጎን ሄደው አያውቁም። ሬሚ ከፊት ይሆናል፤ ሶላንዥ የፊት ጎማዋን ከእሱ የኋላ ጎማ አስጠግታ ትከተለዋለች። እሱ ነፋሱን በደረቱ እየከፈለ ይሄዳል፣ እሷ በጀርባው ተከልላ ብዙ ሳትለፋ ትመጣለች። ብስክሌተኛ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ከፊት ያለው ይደክማል፣ ከኋላ ያለው ያርፋል። ሬሚን "ለሚስትህ እወድሻለሁ ያልካት መቼ ነው?" ብለው ቢጠይቁት ቀኑን አያስታውስም። ነፋስ ሳይከልልላት የዋለበትን ቀን ግን አንድም አያውቅም።

የዚያን ቀን ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ነፋሱ ከሰሜን፣ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ያገሩ ሰው "ቢዝ" የሚለው ደረቅ ነፋስ ነው። ሬሚ እንደ ልማዱ ፊት ሆነና አንገቱን ሰበር አድርጎ ፔዳሉን መምታት ጀመረ። ሶላንዥ ተከተለችው። አርማን ግን ከእሷ ኋላ በመሆን ፈንታ ጎኗ ገባ።

ወሬ ጀመሩ።

መንገዱ ጸጥ ያለ ነው። ነጫጭ ከብቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ፤ ከጎማ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ለሬሚ የከፋው ይኸው ጸጥታ ነበር። መኪና ቢኖር ኖሮ ሁሉንም ይውጠው ነበር። አሁን ግን የሚስቱ ሳቅ ጥርት ብሎ ይደርሰዋል፤ ቃሉን ግን ነፋሱ ከጆሮው ላይ ይነጥቀዋል። ሳቁን ሰምቶ ያሳቃትን ነገር አለማወቅ አንጀቱን አሳረረው። አንዴ ዞሮ "ምንድን ነው?" አለ። "ምንም አይደል፣ ሂድ!" አለችው ሶላንዥ። ሄደ።

ኮርማተን መንደር ሲደርሱ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዳቦና የፍየል አይብ አወጡ።

"ሬሚ ወንድሜ፣ ባቡሩ መቅረቱን አልሰማህም እንዴ?" አለ አርማን አይቡን እየቆረሰ። "ምን ያስቸኩልሃል?"

"አንተ ምን አለብህ። ነፋሱን የምበላው እኔ ነኝ።"

"ለዚህ ነዋ ዳቦውን ለእኛ የተውክልን!"

ሶላንዥ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ሬሚ ሊስቅ ሞከረ፣ ፊቱ ግን እሺ አላለውም።

"ዳቦ ጋጋሪ ዝምተኛ ነው ሲባል ነበር የምሰማው" አለ በነገር ጠቅ ሊያደርገው።

"እንዴት ዝም አልል? ዕድሜዬን ሙሉ ሌሊቱን ያሳለፍኩት ከሊጥ ጋር ነው። ሊጥ ደግሞ አይመልስልህም። ዛሬ የሚመልስልኝ ሰው ሳገኝ እንዴት ልተው?" ከዚያ ወደ ሶላንዥ ዞሮ "ይሄ ሰማያዊ ሻርፕ ደግሞ አምሮብሻል" አላት።

ሬሚ ሻርፑን ያየው ያን ጊዜ ነው።

"መቼ ገዛሽው?"

"በገና ሰሞን።"

 ስምንት ወር ሙሉ አንገቷ ላይ የነበረ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲያ እልህ ያዘው። ማርሹን አክብዶ፣ ከኮርቻው ብድግ ብሎ ፔዳሉን ረገጠ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሶላንዥ ከጀርባው እንዳትለይ ወሬዋን ትታ ትከተለዋለች፤ አርማን ሆዱ ከብዶት ይቀራል። እንዲህ እያለ አንድ መንደር፣ ቀጥሎም አንድ የወፍጮ ቤት አለፈ። ከኋላው ድምፅ ጠፋ። "አሁን ገና ዝም አሉ" ብሎ ደስ አለው። ዞሮ ሲያይ መንገዱ ባዶ ነው። ለማንም ሳይከልል ብቻውን ከነፋስ ጋር ሲታገል ኖሯል።

ጥላ ፈልጎ ቆመ። ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ የሚመጣ የለም። መጀመሪያ ጎማ ፈንድቶባቸው ይሆናል አለ፤ ቀጥሎ ወድቃ ይሆናል ብሎ ደነገጠ። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣበት፤ እሱን ግን ለራሱም ሊናገረው አልወደደም። ቅናት የገባበት ሰው ዓይኑ ያላየውን ልቡ ያይለታል። በመጨረሻ ከኩርባው ብቅ አሉ፤ ጎን ለጎን፣ ቀስ ብለው፣ ጣታቸውና ከንፈራቸው ጠቁሮ።

"አንተ! ማን አሳደደህ?" አለ አርማን። "አጥሩን የሞላውን ጥቁር እንጆሪ ዝም ብለህ አለፍከው እኮ!"

"ይኸው፣ አምጥቼልሃለሁ" አለች ሶላንዥ በመሐረብ የቋጠረችውን እየዘረጋች።

"አልፈልግም። ጥርሴን ያመኛል።"

"ጥርሱን ያመዋል" አለ አርማን ለሶላንዥ፣ እንደ ሐኪም ኮስተር ብሎ። እሷም ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ይህ የተዋጠ ሳቅ ከተሳቀው ሁሉ ባሰበት።

ማደሪያቸው ከቡክሲ ከተማ በፊት፣ ወይን እርሻ መሐል ያለ ቤት ነበር። ባለቤቷ ማዳም ፔሬ እንግዶቿን ከራሷ ጋር አንድ ገበታ ታስቀምጣለች። ነጭ ወይን ቀዳችላቸውና "ቤታችሁ የት ነው?" አለች።

"ማኮን አጠገብ ነው፣ ግን ልንሸጠው ነው" አለ ሬሚ። "ሊዮን ውስጥ ልጃችን ሰፈር አፓርታማ አግኝተናል። ገዢው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል።"

"የሚሸጥ ከሆነ ነዋ!" አለ አርማን፤ ሦስተኛውን ብርጭቆ ጨርሷል። "ሶላንዥን ከዚያ ቤት የሚያወጣት ሬሳ ሣጥን ብቻ ነው። ሊዮንን እንደሆነ ስታስበው ትንፋሿ ያጥራታል።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ አርማን ምን እንዳለ የገባው ካለው በኋላ ነው። ሹካውን አስቀመጠ። ሶላንዥ ሳህኗን ታያለች። ማዳም ፔሬ "ሥጋው ሳይቀዘቅዝ ብሉ እንጂ" ብላ ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ሄደች።

ሬሚ የበላው ምን እንደሆነ አያውቅም። ቤቱ አልነበረም ያቃጠለው። ቤት ይሸጣል፣ ቤት ይቀራል። ያቃጠለው የሚስቱን የልብ ነገር ከዳቦ ጋጋሪ አፍ፣ በሰው ገበታ ላይ መስማቱ ነው። ክፍላቸው እንደገቡ "እውነት ነው?" አላት።

"ነገ እናወራለን። ግድግዳው ስስ ነው፣ እሱ ደግሞ እዚያ ማዶ ነው የተኛው።"

"እሱማ አስቀድሞ ሰምቶታል" አለና ጀርባውን ሰጣት።

ጠዋት ነፋሱ አልተለወጠም። መንገዳቸው ግን ወደ ክሉኒ መመለሻ ስለነበር አሁን ከኋላቸው ሆኖ ይገፋቸዋል። ሬሚ ብስክሌቱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"አርማን፣ ዛሬ አንተ ቅደም።"

"ነፋሱ ከኋላ ነው እኮ። ማንን ልከልል?"

"ማንንም አትከልል። ቅደም ብቻ።"

አርማን አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ።  "እሺ ጌታው። ትናንት አፌ ላይ የወጣው ነገር..." አለ።

"ሂድ፣ ሂድ።"

ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ከኩርባው ጀርባ ተሰወረ። ሬሚ ከሶላንዥ ጎን ገባ። ጎን ለጎን መሄድ እንደ ሙያ የሚለመድ መሆኑን አላወቀም ነበር። ጥቂት ሄድ ሲሉ የፊት ጎማው ሳያስበው ቀደም ይላል፤ ፍሬን ይይዛል፣ ደግሞ ይቀድማል።

"አሁንም እየሸሸኸኝ ነው" አለች።

"እግሬ ነው።" ጎማውን አስተካክሎ "ለምን ለእሱ ነገርሽው?" አላት።

"ከጎኔ ነበረ።"

"እኔስ?"

"አንተ ፊት ነበርክ።"

"ነፋሱን እየከለልኩልሽ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ፤ አንድም ቀን አልረሳሁትም። ግን ሬሚ፣ ከጀርባ ጋር ምን ይወራል? ክሎቲልድ የአፓርታማውን ፎቶ ስታሳየን 'ጥሩ ነው' አልኩ፤ ልጄ ናት፣ ሌላ ምን ልበል? አንተ ቀና ብለህ ፊቴን እንኳ ሳታይ ለደላላው ደወልክ። እንደ ብስክሌቱ፣ ዞር ሳትል ቀደምክ።"

 ከሬሚ ምላስ ላይ የነበረው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሌሊቱን ሲያመነዥከው አድሯል።

"ትወጂዋለሽ?"

ሶላንዥ ትስቃለች ብሎ ፈርቶ ነበር። አልሳቀችም።

"እሱ የሚያወራው ስለ ሚስቱ ነው። እንጆሪውን ሲለቅም እንኳ 'እሷ ብትሆን ማርማላታ ታደርገው ነበር' ይላል። እንደምታስበው አይደለም። ግን አልዋሽህም፤ ከእሱ ጋር ማውራት ደስ ይለኛል። ነገም አልተውም።"

ይህ "አልተውም" ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ቆረቆረው። "እሱ ከእኔ የተለየ ምን አለው?" ብሎ ሊጠይቅ፣ "ተይው" ብሎ ሊቆጣም ቃጣው። ግን ብትተወው ለእሱ ምን ይተርፈዋል? ያ ሁሉ ሳቅ ጠፍቶ ተመልሳ ከጀርባው ልትሆን ነው? ትናንት ባዶውን መንገድ ዞሮ ያየበት ሰዓት ትዝ አለው።

"ገዢው እንዳይመጣ ለደላላው እነግረዋለሁ" አለ።

"ይኸው፣ ደግሞ ቀደምክ! አልሸጥም መቼ አልኩ? መጀመሪያ እናውራበት ነው ያልኩት።"

"እሺ። እናውራበት።" ፍሬኑን ያዝ አደረገ። "ስለ እኔም አውርተሻል?"

"አውርቻለሁ።"

"ደግ ነው ክፉ?"

"ሁለቱንም።"

"ክፉውን ንገሪኝ።"

ሶላንዥ ሻርፗን ከአገጯ ዝቅ አደረገች። "ብዙ ነው። ክሉኒ እስክንደርስ አያልቅም።"

ነፋሱ ከኋላ ይገፋቸዋል፤ ሳይመቱም ብስክሌቱ ይሮጣል። ሬሚ ማርሹን አቀለለና ፍሬኑን እየነካካ፣ ጎማውን ከጎማዋ ለማስተካከል እየታገለ ሄደ።

"ቀስ ብለን እንሄዳለን" አለ። "ጀምሪ።"