ነፍሰ ገዳዩ እኔ ነኝ

ሆዳቸው የተዘረገፈ ሶፋዎች ቴሌቪዥኑን በግማሽ ክብ ከበውታል። የአንዱ ሞላ በጎኑ ሾልኮ ወጥቷል፤ የሌላው ስፖንጅ እንደ ተቆረሰ ዳቦ ተፈርፍሯል፤ የጎረቤቱ የፋርማሲስቷ ባለ ሦስት መቀመጫ ደግሞ አሮጌ ጨርቁ ተገፍፎ በባዶ እንጨቱ ቀርቷል። ሌላ ሰው ወርክሾፕ ውስጥ ቢሆን ይህ የሥራ መጓተት ይባል ነበር። በሊቀመንበር ወርክሾፕ ግን አዳራሽ ነው፤ ያውም ከፓርላማ የሚበልጥ አዳራሽ፣ ምክንያቱም እዚህ ማንም አያንቀላፋም።

ሊቀመንበር የተባለው ማኅበር መርቶ አይደለም። ወንበር ስለሚሠራ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው፤ እሱ ግን ስሙን እንደ ሹመት ተቀብሎታል። ሶፋ አልባሽ ነው። ራሱ እንደሚለው ከሆነ በዚህ ምድር ላይ እጁ ያልነካው የትልቅ ሰው መቀመጫ የለም። አንድ አምባሳደር እሱ ካለበሰው ወንበር ላይ አልነሣም ብሎ አውሮፕላን አምልጦታል፤ አንድ ዳኛ ተመችቶት ተከሳሹን በነፃ አሰናብቷል። ይህን ሁሉ የሚያወራው ትናንሽ ሚስማሮች በከንፈሩ ነክሶ ነው። አንድ ሚስማር ሲያወጣ አንድ ወሬ ይጨምራል፤ ሚስማሩ ያልቃል፣ ወሬው አያልቅም።

«ዛሬ እንግዲህ ካቴናህን አጥልቀህ እናይሃለን» አለው የሚስቱ ወንድም፣ ፋርማሲስቷ አጠገብ ሊቀመጥ ሞላ የሌለበትን ቦታ በእጁ እየዳሰሰ። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ተረኛ ላለመሆን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ያልተለዋወጠው ቀን የለም።

«ለእኔ እጅ የሚሆን ካቴና ገና ፋብሪካው አልተከፈተም» አለ ሊቀመንበር።

«እስቲ እናያለን። ንጹሕ ሆነህ ብትገኝስ?»

«አፍህን ሞልተህ አትሳደብ!»

ስድብ ነበር፤ በእርግጥም ለሊቀመንበር ከስድብ ሁሉ የከፋ ነበር።

ሊቀመንበር ጨለማ ድራማ ወዳድ ነው። የፍቅሩ እንቅልፍ ያመጣበታል፤ ቀልዱ ያናድደዋል፣ ከእሱ በላይ ቀልደኛ መስሎ የሚቀርብ ሰው አይወድምና። ዝናብ የሚዘንብበት፣ ኮሪደሩ ባዶ የሆነበት፣ በር በራሱ ገርበብ የሚልበት ድራማ ሲመጣ ግን ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። ሟቿ ገዳዩን ሳታየው ሲቀር፣ «ዙሪ! ዙሪ አንቺ ልጅ!» እያለ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው እስኪደነግጥ ይጮኻል። ሙዚቃው ዝግ ሲል እግሮቹን ከወለሉ ላይ ያነሣል። አልፈራም ይላል፤ ነገር ግን ጭኑ ላይ የነበረው ጨርቅ ሁልጊዜ ተጨማዶ፣ በላብ ርሶ ይገኛል። ካለቀ በኋላ የጓዳውን በር ከፍቶ ያያል፤ ውኃ ልጠጣ ነው እያለ።

እናም በዚህ ዓመት፣ ከተማውን በሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ የሚያስቀምጠውን ልብ አንጠልጣይ ድራማ ከሚጽፉት አንዷ የገዛ ልጁ ሆነች። «አንዷ» የሚለው ቃል በእሱ አንደበት አያልፍም። እሷ ከደራሲዎቹ መካከል ታናሿ ብትሆንም፣ ለሰፈሩ ግን የጣቢያው ባለቤት ናት።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ወርክሾፑን ትታ ጽሕፈት ከያዘች ወዲህ ስለ ሥራው ጠይቃው የማታውቀው ልጅ ደውላ፣ ሚስማሩን ሳይውጠው እንዴት አፉ ውስጥ እንደሚያቆየው ጠየቀችው። ጆሮዋ እስኪግል አስረዳት። ከዚያ ድራማው ጀመረ። ሟቾቹ ሁሉ አዲስ ጨርቅ በለበሰ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ፤ የገዳዩ ፊት አይታይም፣ የሚታየው ጓንት ያጠለቀ እጁ ብቻ ነው። ተጠርጣሪው ግን ፊቱ ይታያል፤ ሚስማር ነክሶ የሚያወራ፣ ወሬው ከቤቱ ጣሪያ በላይ የሆነ ሶፋ አልባሽ ነው።

ሚስቱ ያን ቀን አለቀሰች። «ልጄ አባቷን ነፍሰ ገዳይ አደረገችው!» ሊቀመንበር ግን ተነሥቶ በሩን በርግዶ ከፈተና መንገደኛውን ሁሉ ጠራ። «ነፍሰ ገዳዩ እኔ ነኝ! ኑ እዩኝ!» ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮራ። አረማመዱ ተለወጠ። ቅሬታው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ቁመቱ አጠረበት።

ከኩራቱ ሥር ግን ለማንም ያላወራው ነገር ነበር፤ ሊቀመንበር ያላወራው ነገር መኖሩ በራሱ ተአምር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ተጠርጣሪው እስር ቤት ገብቶ፣ የሚሰማው ሰው ሲያጣ፣ ጉራውን ለግድግዳው ሲነዛ አሳዩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። ከሳቁ መካከል ግን አንድ ጥያቄ መጣበት። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይታ አይታኝ፣ በመጨረሻ ያየችብኝ ይህንን ነው? ጉረኛና ነፍሰ ገዳይ? ጉረኛውስ ይሁን፣ ጉራ አይደለም እንጂ። ሁለተኛውን ግን ስትጽፍ ምን እያየች ነበር? ዛሬ የመጨረሻው ክፍል ነው። ዛሬ ይለይለታል።

ልጁ መጣች። ጃኬቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ሰውን ሁሉ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ለምን ጠራኸው?»

«እኔ መች ጠራሁ! ዝናዬ ነው የጠራቸው።»

«ብቻችንን ብናየው ይሻል ነበር።»

«ቆይ፣ ትገድዪኛለሽ እንዴ?» ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። አጠገቡ ቦታ አስለቀቀላት፤ ራሱ የሞላ ጉብታው ላይ ተቀመጠ። «ስሚ፣ ብሞትም ግድ የለኝም። ብቻ አሟሟቴ ይመር። ከፎቅ ልዝለል።»

«ተቀርጾ አልቋል እኮ።»

«ፎቁ ረጅም ነው?»

«አባዬ!»

«እሺ፣ እሺ። ግን አንድ ነገር ቅር ብሎኛል፤ ስደውልልሽም ነግሬሻለሁ። የሟቾቹን ወንበር ሲገለብጡት ከሥሩ ያለው ስፌት ምንድን ነው? ላዩ ጥሩ፣ ታቹ ዝርክርክ! ክሩ ተንጠልጥሎ፣ ጨርቁ ተጨማዶ! እነዚያ ዕቃ አዘጋጆቻችሁ በአደባባይ አዋረዱኝ። ሰው ግደል ብትይኝ እገድላለሁ፤ እንደዚያ ግን አልሰፋም።»

«ነግሬያቸዋለሁ» አለች ወለሉን እያየች።

«ምን አሉ?»

«ጀመረ!» ብሎ ሹፌሩ ጮኸ።

ሚስቱ እንደ ልማዷ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች። አላይም ብላለች። ዞር ሳትል ግን በየመሐሉ «አሁንስ ምን አደረገ?» ትላለች።

ስክሪኑ ላይ ዝናብ ይዘንባል። ረጅም ካፖርት የለበሰችው መርማሪ ወደ ማስረጃ ማከማቻው ገባች። የሟቾቹ ወንበሮች በፕላስቲክ ተሸፍነው ተደርድረዋል። ሊቀመንበር እግሮቹን አነሣ። ፋርማሲስቷም አነሣች። መርማሪዋ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው፤ ያ ዝርክርክ ስፌት ሲታይ ሊቀመንበር አንገቱን ደፋ።

ቀጥሎ የተጠርጣሪውን ወርክሾፕ በር ከፈተች። ባዶ ነው። አቧራው ላይ የእግሯ ዳና ቀረ። ሙዚቃው ዝግ አለ፣ ዝግ አለ፣ ጠፋ። ሊቀመንበር «ከኋላሽ!» ሊል ፈልጎ ተወው፤ ከኋላዋ ማንም የለማ። ጥግ ላይ አንዲት ልብስ አጣቢ አሮጊት አሠርታ ሳትወስደው የቀረ ተራ ወንበር ቆሟል። ሰው ዞር ብሎ የማያየው ዓይነት። መርማሪዋ ተንበርክካ ገለበጠችው። ካሜራው ከወንበሩ ሥር ገብቶ በስፌቱ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። ጥልፉ እኩል፣ ክሩ የተሰወረ፣ ማዕዘኑ ላይ ጨርቁ ያለ አንዲት ሽብሻብ የታጠፈ። እንደ ፊት የጠራ ነበር።

ሊቀመንበር ሚስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋ።

መርማሪዋ ያንን ወንበር ተሸክማ፣ ዝናቡን ጥሳ፣ አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ በግልባጩ አስቀመጠችው።

«ይሄ ሰው ከተያዘ ጀምሮ አንዲት እውነት አልነገረኝም» አለች። «ለንጉሥ ዙፋን ሠርቻለሁ አለኝ። ከነብር ጋር ታግያለሁ አለኝ። ሰው ገድለሃል ወይ ብዬ ብጠይቀው ‹ስንቱን!› አለኝ።»

«ታዲያ አመነ ማለት ነው» አለ አለቃዋ።

«ጉራውን ነዛ ማለት ነው። አፉን ይተዉትና ይህን ይዩ። ማንም የማያየው በኩል ነው። የወንበሩ ባለቤት እንኳ ዕድሜዋን ሙሉ አታየውም። ማንም በማያየው በኩል እንዲህ የሚሰፋ ሰው፣ ማንም በማያየው በኩል ሰው አይገድልም።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሆነ። መብራት ጠፋ፣ መስታወት ተሰበረ፣ የአለቃዋ መሳቢያ ውስጥ ጓንቱ ተገኘ፤ ነፍሰ ገዳዩ ራሱ አለቃዋ ነበር። ፋርማሲስቷ የሹፌሩን ክንድ በጥፍሯ ቧጠጠች። ሊቀመንበር ግን ከዚያ ሁሉ ግርግር አንዱንም አላየም። ዓይኑ ያ የተገለበጠ ወንበር ላይ ቀርቶ ነበር።

አዳራሹ ፈነዳ። ጩኸቱ ሦስት ሰፈር ተሻግሮ ሳይሰማ አልቀረም።

«ጉድ ፈላ!» አለ ሹፌሩ ሆዱን ይዞ። «ንጹሕ! ሊቀመንበር ንጹሕ ሆኖ ቀረ! አንተ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ነኝ ስትለን ከርመህ አንዲት ዝንብ እንኳ አልገደልክም!»

«እኔማ» አለች ፋርማሲስቷ፣ «ሶፋውን ልትለካ ስትመጣ በሩን ክፍት እያደረግሁ ነው የከረምኩት። ልፋቴ ሁሉ ከንቱ!»

ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረች። «እኔ ድሮም ብያለሁ፤ የእኔ ባል ሰው አይገድልም» አለች። ብላ አታውቅም። ማንም ግን አላረማትም።

ሁሉም የሊቀመንበርን መልስ ይጠብቅ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ነገር ይላል፤ ሰፈሩ ሳምንቱን ሙሉ የሚስቅበት፣ ከሁሉም አፍ በልጦ የሚወጣ ነገር። እሱ ግን መዳፉ ላይ ያሉትን ሚስማሮች ያይ ነበር። ያ ዝርክርክ ስፌት የዕቃ አዘጋጆቹ ስንፍና አልነበረም። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ልጁ የአባቷን ንጽሕና ወንበሩ ሥር አስቀምጣለት ነበር፤ ከዚህ ሁሉ ተመልካች መካከል ሊያነበው የሚችለው እሱ ብቻ ነበር። እሱም አየው። አይቶም ተዋረድኩ ብሎ ዕቃ አዘጋጆቹን ተሳደበ።

ግን ከሥር ያለውን እሷ እንዴት አወቀችው? አላስተማራትም። ስለ ሚስማር ብቻ ነው የጠየቀችው።

ያኔ ትዝ አለው። ገና ሕፃን ሳለች፣ እሱ ከላይ ጨርቁን ሲወጥር፣ እሷ ከሶፋው ሥር በጀርባዋ ተንጋልላ ሽቅብ ታይ ነበር። ውጪ ሲላት አትወጣም። ድብብቆሽ የምትጫወት ነበር የመሰለው። እሱ ከላይ ሆኖ ስለ አምባሳደሩና ስለ ዳኛው ለደንበኛው ሲያወራ፣ ልጁ ከታች ሆና እጁን ስታይ ነበር።

ቀና አለ። ልጁ ስክሪኑን አልነበረም የምታየው፤ እሱን ነበር። ምናልባት ከመጀመሪያው ጀምሮ ስታይ የነበረው እሱን ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ቅር አለህ?» አለችው በዝግታ። «ገዳዩ እንድትሆን ፈልገህ ነበር፣ አውቃለሁ።»

«የዚያችን የአሮጊቷን ወንበር» አለ። «ከሥር ማን ሰፋው?»

ፊቷ ቀላ። ግራ እጇን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተች፤ እሱ ግን ክንዷን ይዞ ቀስ ብሎ አወጣው። የአውራ ጣቷ ጫፍ በመርፌ ተወጋግቶ፣ ቆዳው ደርቆ ነበር።

«የእነሱ ሰዎች ሞክረው አልሆነላቸውም» አለች። «ካሜራው በጣም ይቀርባል አሉኝ። ስንት ጊዜ ፈትቼ እንደ ሰፋሁት…»

«በቆልማማው መርፌ?»

«በቆልማማው።»

«ክሩን ሰም ቀብተሽ?»

«ቀብቼ።»

«ተናገር እንጂ፣ ሊቀመንበር!» ጮኸ ሹፌሩ ከማዶ። «ምላስህን ማን ወሰደው?»

ስለ ልጁ ስንት ጊዜ ተናግሯል! ጣቢያውን ሰጥቷታል፤ አገሩን ጨምሮላታል፤ ያልጻፈችውን አስጽፏታል፣ ያልተሸለመችውን አሸልሟታል። አሁን አዳራሹ ሁሉ አንገቱን አስግጎ፣ ሊሰማው የተዘጋጀው ከዚያ ሁሉ የሚበልጠውን ነው። ሊቀመንበር አፉን ከፈተ። አፉ ውስጥ አንድም ሚስማር አልነበረም።

«ስፌቱ ምንም አይልም» አለ።

ልጁ ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከጎኗ ያለ ሰው እንኳ መለየት አይችልም።

«ምን አለ?» ይላል ሹፌሩ፣ ከተፈረፈረው ስፖንጅ ላይ ግማሽ ብድግ ብሎ። «አልሰማሁም፤ ምን አለ?»