ስም ያልተጻፈባት ወረቀት

ሎዌል ራስሙሰን ያን ቀን ጠዋት ሊንከን ከተማ ወደሚገኘው፣ አባል ወደሆነበት የነብራስካ ግዛት ምክር ቤት ሲገባ ልቡን ሰቅዞ የያዘው ፍርሃት ነበር። የፈራው መሸነፉን እንዳይመስላችሁ፤ ማሸነፉን ነው።

በሐምሌ ጓደኞቹ «አፈ ጉባኤነት ላንተ ነው የሚገባው» እያሉ ሲወተውቱት እሺ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ሚስቱ አርዲስ ደህና ነበረች። በኅዳር ግን ድንገት ወደቀች፤ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት፣ አንደበቷም ተሳሰረ። አሁን ቃል የምትለማመደው ከሎዌል ጋር ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ፊት ታፍራለች። እሱም ዓርብ ዓርብ ሦስት ሰዓት ሙሉ በበረዶ እየነዳ ቤቱ ወዳለበት ወደ ብሮክን ቦው ከተማ ይገባል። አፈ ጉባኤ የሆነ ሰው ደግሞ ቅዳሜና እሁድን እንኳ ከቢሮ አይወጣም። ሎዌል ይህን ለማንም አልተነፈሰም። የሰጠውን ቃል ማጠፍ ከበደው።

ምርጫው በምስጢር ነው። እያንዳንዱ አባል በቁራጭ ወረቀት ላይ ወይ ሎዌልን ወይ ተወዳዳሪውን ዌንደል ክሩስን ይጽፋል። ሎዌል የራሱን ስም ልጻፍ ቢል እጁ እምቢ አለው፤ የክሩስን ልጻፍ ቢል ጓደኞቹን መክዳት ሆነበት። ወረቀቷን ባዶዋን አጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ጣላት።

ጸሐፊው ቆጥሮ ተነሣ።

«ራስሙሰን ሃያ አራት። ክሩስ ሃያ አራት። አንድ ባዶ። ድምፁ እንደገና ይሰጣል።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ከሎዌል ጎን የተቀመጠው ወዳጁ ዴልማር ፖኮርኒ፣ ለምርጫው ሲሯሯጥለት የከረመው፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ማነው ይሄ ጉደኛ? ስም መጻፍ ያቃተውን ሰውዬ ማን መረጠው? ባገኘው!»

«ምን ታደርገው ነበር?» አለ ሎዌል።

«አንገቱን ነዋ የማንቀው!»

«እንግዲያው እጅህን ዘርጋ። አንገቱ እዚህ ነው።»

ዴልማር ሳቀ። ከዚያ የወዳጁን ዓይን ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

«አንተ? በገዛ ራስህ ላይ?»

ሎዌል በሹክሹክታ ነገረው። ባለፈው እሁድ አርዲስ «ውሃ» ለማለት ግማሽ ሰዓት ስትታገል ቆይታ፣ ሲሳካላት ሁለቱም ማልቀሳቸውን ጭምር።

«አንተ ደረቅ!» አለ ዴልማር። «ስንት ዓመት አጠገብህ ተቀምጬ ይሄን ትደብቀኛለህ? በል ተነሥና ንገራቸው። አብሬህ እቆማለሁ።»

ሎዌል ተነሣ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ባዶዋ ወረቀት የኔ ናት። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ አፈርኩ። ባለቤቴ ታማለች፣ ቤቴ ይፈልገኛል። ከውድድሩ ወጥቻለሁ። የደከማችሁልኝ ሁሉ ይቅር በሉኝ።»

ዴልማር አጠገቡ ቆሞ፣ የሚያጉረመርም ካለ ብሎ ግራ ቀኙን ይገላምጣል። ማንም አላጉረመረመም። ከኋላ አንዱ አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሎዌል ሲቀመጥ፣ ከኅዳር ጀምሮ ደረቱ ላይ ተቀምጦበት የነበረው ነገር የተነሣለት መሰለው።

ክሩስ ያለ ተቃዋሚ ተመረጠ። ከምሳ በኋላ ወደ ሎዌል መጣ።

«ወንበርህን ቀይሬዋለሁ።»

«ቅጣት ነው?»

«በሩ አጠገብ ነው ያደረግኩህ። ዓርብ ስምንት ሰዓት ሲሆን ኮትህን አንሥተህ ውጣ። እኔ ያየሁት ነገር የለም።»

«እኔስ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ ነው?» አለ ዴልማር።

«አንተንም እዚያው ጎኑ አድርጌሃለሁ። ለሌላ ጎረቤት ብሰጥህማ በሳምንቱ አቤቱታ ይጽፍብኛል።»

ዓርብ ሎዌል ጀምበር ሳትጠልቅ ቤቱ ደረሰ። አርዲስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። «እህስ?» የምትል ይመስል ቅንድቧን አነሣች።

«አልሆንኩም» አላት።

ከንፈሯን ደጋግማ አላቀቀች። ሎዌል ኮቱን ሳያወልቅ ፊቷ ተንበርክኮ ጠበቃት።

«ጎ… ጎሽ» አለች።